ለሳኝ ስትቀጥሩ መጀመሪያ ግድግዳውን ማንኳኳቱን እዩ

ደሴ ላይ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጥያቄ በየሰፈሩ ይዞራል። «ጥሩ ለሳኝ ታውቃለህ?» ግድግዳው ያበጠበት፣ ቀለሙ የተላጠበት፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ነጭ ጨው ያወጣበት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ባለሙያ ፍለጋ ይወጣል። ለሳኞቹም ይህን ያውቁታል። ስልካቸው ይጨናነቃል፣ ዋጋቸው ይጨምራል፣ በር ላይ ቆሞ «ይሄማ ቀላል ነው፣ በካሬ ይህን ያህል» ብሎ ወደ ሌላ ቤት የሚሮጠውም ይበዛል።

እኔ በዚህ ጉዳይ አንድ መመዘኛ ነው ያለኝ። ግድግዳውን ሳያንኳኳ፣ ከቤቱ ጀርባ ዞሮ ሳያይ፣ «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚጠራ ሰው የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አይቀጠርም። ልስን አብዛኛውን ጊዜ የሚረግፈው ከጀርባው ያለው ችግር ስላልተነካ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ በላዩ ላይ አዲስ ልስን ብታስመቱ የሚቀጥለው ክረምት ይልጠውና እንደገና ያንኑ ብር ታወጣላችሁ።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት

የመዶሻ እጀታ ወይም የብረት ሳንቲም ያዙና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ደህናው ቦታ ደረቅና ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ከግድግዳው የለቀቀው ልስን ግን ባዶ ሣጥን እንደመታችሁ ያህል ይጮሃል። ባዶ የሚጮኸውን ቦታ በጠመኔ ክበቡት። ሁለት ሦስት ትንንሽ ክብ ብቻ ከሆነ እነሱን ቆርጦ መጠገን ይበቃል። የግድግዳው እኩሌታ በጠመኔ ከተሞላ ግን ጥገና ብላችሁ አትልፉት፤ ሙሉውን ማንሳት ይሻላል።

ስንጥቁንም ለይታችሁ እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ስንጥቅ ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ የመጣ ነው፤ ብዙ አያስጨንቅም። በብሎኬቱና በኮንክሪት ኮለኑ (ምሰሶው) መገናኛ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ደግሞ ሁለቱ ነገሮች በሙቀትና በብርድ እኩል ስለማይለጠጡ ነው፤ መገናኛው ላይ የሽቦ መረብ አስገብቶ መለሰን ያስታግሰዋል። የሚያሳስበው ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እየተንጋደደ የሚወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ይሄ ብዙ ጊዜ ከመሠረቱ ነው። በኮምቦልቻና በቆቦ ሜዳ ላይ ጥቁሩ መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውን ቤትም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ የተሠራ ከተማ ነው፤ መሬት መንሸራተት ለደሴ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ ያለነው ከስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴ ከተማን እንዴት እንዳፈራረሳት ትልልቆቹ አሁንም ያወሩታል። እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ካያችሁ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከወራት በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ለሳኝ ከመጥራት በፊት መሐንዲስ ጥሩ።

እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅም ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና አንድ ቀን ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግድግዳው ራሱ እርጥብ ነው። ከላስቲኩ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ከቤቱ አየር ነው፤ ማለትም ምግብ ሲበስልና ልብስ ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቷል፤ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል እንጂ ልስን አይደለም።

ለሳኙ ሲመጣ ምን ያደርጋል?

ደሴ ሆጤ ሰፈር የሚኖሩ አክስቴ ቤት የመጣውን ሰውዬ ላጫውታችሁ። ሳሎኑ ውስጥ የግድግዳው ልስን ተገምሶ ወድቋል፤ እሱ ግን አንዴ አየት አደረገና ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ።

«ልጄ፣ የተበላሸው እኮ ሳሎኑ ነው» አሉት አክስቴ።

«አይቼዋለሁ እትዬ። አሁን ውሃውን ነው የምፈልገው።»

ጓሮ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ አሸንዳውን ተከተለው። መገጣጠሚያው ላይ ተከፍቷል፤ ከሥሩ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሽበት የወረደበት መስመር አለ። ከዚያ ቁጢጥ አለና ከግድግዳው ጋር የተጠጋውን አፈር በእጁ ጫር ጫር አደረገው። ዓመት ሙሉ አመድና ጥራጊ ሲደፋበት አፈሩ ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሏል። «እዚህ ቦይ አስቆፍሩ፣ አፈሩን አስነሱ፣ አሸንዳውን አስጠግኑ። ሦስት ሳምንት ይድረቅና ደውሉልኝ» ብሎ ቀብድ እንኳን ሳይቀበል ሄደ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከወር በኋላም ቢሆን ጠብቁት።

የጨው ጉዳይ ሲነሳ፣ ነጩን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ አራግፉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፤ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። በጄሶ ወይም በኳርትዝ ቀለም እንሸፍነው የሚላችሁ ካለ ደግሞ አመስግናችሁ ሸኙት። ጄሶ ለደረቅ የውስጥ ግድግዳ ነው፤ እርጥበት ካገኘ ይረግፋል።

ጭቃ ቤት ከሆነ ሌላ ባለሙያ ነው የሚያስፈልጋችሁ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ብሎኬት ላይ ጎበዝ የሆነ ለሳኝ የጭቃ ግድግዳ ላይ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ አይይዝም። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ሲሚንቶው ግን ደርቆ የቆመ ነገር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ከመሐላቸው ይለቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን እንደ በር ሙሉውን ይወድቃል። በዚያ ላይ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ቋሚውና ማገሩም ከውስጥ ይበሰብሳል። የዶሮ ሽቦ በምስማር መትቶ መለሰን ትንሽ ዕድሜ ይጨምርለታል፤ ችግሩን ግን አያጠፋውም።

ጭቃ ቤት የሚታደሰው በጭቃ ነው። መራጊ ፈልጉ። መጀመሪያ የሚያደርገው ቋሚውን በመሮ ወይም በቢላ ወጋ ወጋ ማድረግ መሆን አለበት፤ በተለይ ቆላው ላይ ከሚሴና ቆቦ አካባቢ ምስጥ ከላይ ደህና የሚመስለውን እንጨት ከውስጥ ባዶ አድርጎት ይገኛል። የበሰበሰው ይለወጣል። ከዚያ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ተቀምጦ ይብላላ። ዛሬ አቡክቶ ዛሬ የሚመርግ ሰው ቸኩሏል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ አትደንግጡ፣ እንዲያውም የሚቀጥለው የሚይዝበት ነው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቀጭኑ ሁለተኛው ይደረብበታል፤ መጨረሻ ላይ በእበት ወይም በነጭ አፈር ይለቀለቃል። በርካሽ ያልቃል፣ ቤቱም ይተነፍሳል።

የት ይገኛል?

በደላላ ከማግኘት ይልቅ ሥራ ላይ ያለ ሰው ማግኘት ይሻላል። ሰፈራችሁ ውስጥ የሚሠራ ቤት ካለ ገብታችሁ እዩ፤ ሠራተኛ ሲለስን አሥር ደቂቃ መመልከት ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል። የግንባታ ዕቃ ሻጮችም ማን ሲሚንቶ እንደሚያባክን፣ ማን ዕዳ እንደማይከፍል ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ፣ ኮምቦልቻም ላይ ፖሊቴክኒኩ ውስጥ በግንባታ የሠለጠኑ ልጆች ይወጣሉ፤ የብቃት ምዘና ወስዶ ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት) ያለው ማግኘት ይቻላል። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የሚሠሩ ማኅበራትም አሉ። ወረቀት ያለው ሁሉ ጎበዝ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከወረዳ መጥቶ ያለ ወረቀት ሃያ ዓመት የለሰነ ሰው ወረቀት ያለውን ሊያስንቅ ይችላል። ወረቀቱ የሚጠቅማችሁ ነገር ሲበላሽ የት እንደምታገኙት ስለሚነግራችሁ ነው።

የሠራውን አሳየኝ በሉት፤ ዘንድሮ የሠራውን ሳይሆን ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን። አዲስ ልስን ሁሉም ያምራል። እዚያ ሄዳችሁ ባለቤቶቹን በጨዋ ደንብ ጠይቁ፤ ቡና ሳትጠጡ ባይለቋችሁም መረጃው ትክክለኛ ነው የሚሆነው። ስለ ሥራው ብቻ አትጠይቁ፤ በሰዓቱ ይመጣ ነበር ወይ? ሌላ ሥራ ሲያገኝ ትቶ ይጠፋ ነበር ወይ? ይሄ የመጨረሻው ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ነው።

ዋጋና ልኬት

ዋጋ በሦስት ዓይነት ነው የሚጠራላችሁ፤ በቀን ሒሳብ፣ በካሬ ወይም በቁርጥ። ለትንሽ ጥገና የቀን ሒሳብ ይሻላል፣ ምክንያቱም ልስኑ ሲነሳ ከሥሩ ምን እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ለሙሉ ክፍል ግን በካሬ አድርጉት። የመስኮትና የበር ክፍት ቦታ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም የሚለውን፣ የጥጋጥጉ የጠርዝ ሥራ ለብቻው በሜትር ይታሰባል ወይ የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ልኬቱን ራሳችሁ ሥሩት፤ ከባድ አይደለም። 4 በ4 የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 16 ሜትር ነው፤ በ3 ሲባዛ 48 ካሬ። አንድ በር 0.90 በ2.10፣ አንድ መስኮት 1.50 በ1.20 ብትቀንሱ 44 ካሬ ከምናምን ይቀራል። ሁለት ሳንቲሜትር ውፍረት፣ አንድ ለአራት ድብልቅ ብላችሁ ካሰባችሁት ለዚህ ክፍል ባለ 50 ኪሎው ሲሚንቶ 7 ወይም 8 ከረጢት፣ አሸዋ ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ነው የሚበላው። ሰውዬው አሥራ አምስት ከረጢት ግዙ ካላችሁ ወይ ግድግዳው በጣም ጠማማ ነው ወይ ሲሚንቶው ሌላ ቦታ ሥራ አለው። በትህትና «አስረዳኝ» በሉት።

ዕቃውን እናንተ ገዝታችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈልን እመርጣለሁ። ድካም አለው፤ ግን የሲሚንቶ ዋጋ በየጊዜው ስለሚዘል ሙሉ ኮንትራት የወሰደው ሰው ዋጋው ሲጨምርበት የሚቆጥበው ከድብልቁ ላይ ነው። ከዚያ ግድግዳችሁ በጥፍር ይፋቃል።

ወረቀት ላይ አስፍሩት

እኛ ወሎዬዎች እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘናል። «የጎረቤት ልጅ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ስንለማመጥ እንከርማለን። አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ግድግዳ፣ ስንት ካሬ፣ ስንት እጅ ልስን፣ ውፍረቱ፣ ድብልቁ፣ ዕቃ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ ፓልኮውን (ቆሞ የሚሠራበትን መወጣጫ) ማን እንደሚያመጣ፣ የወደቀውን ፍርስራሽ ማን እንደሚያወጣ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ሠራተኛ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም። ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ሁለት ምስክርም ይፈርም።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር እወቁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የሰጣችሁት ብር ቀብድ ነው ወይስ ከዋጋው ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ነው የሚለውን በቃሉ ጻፉት። መጠኑ ትንሽ ይሁን። የተረፈውን በሥራው ልክ ክፈሉ፤ አሮጌው ልስን ተነስቶ የመጀመሪያው እጅ ሲመታ፣ ሲጠናቀቅ፣ ከዚያ አንድ አሥር በመቶ ያህል ደግሞ ለመጨረሻ አቆዩ።

መቼ ይሠራ?

የወሎ ችግር ዝናቡ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። የበልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ የክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም። የውጭ ግድግዳ ለማስለሰን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ግን ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ማታ ማታ የሚለሰን ግድግዳ ጥሩ አይሆንም፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይጀመር፣ ከሰዓት ሳይመሽ ይቁም። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐዩ ልስኑን ሳይጠነክር ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ያላረፈበትን ጎን እየተከተሉ መሥራትና በላስቲክ ወይም በጆንያ ማጠላት ያስፈልጋል።

ቀኑን ስትቆርጡ አጨዳውን፣ ረመዳንን፣ በዓላቱን አስቡ። ዓርብ ለጁምዓ የሚሄድ አለ፣ በሚካኤልና በማርያም እጁን የማያነሳ አለ። ይሄ ስንፍና አይደለም፤ አስቀድሞ ከታሰበበት ማንም አይቀየምም።

ሥራው ሲጀመር

የኤሌክትሪክና የውሃ ቱቦው ሳያልቅ ልስን አይጀመር። ውሃውን ክፈቱና ቧንቧው አለማንጠባጠቡን አረጋግጡ፤ ከተለሰነ በኋላ መቆፈር ያማል።

አሸዋው ሲመጣ ግልባጩን ከማስወረዳችሁ በፊት በመዳፋችሁ እሹት። መዳፋችሁ ላይ ጭቃ ከቀረ ታጥቦ ካልሆነ አይሆንም። በብርጭቆ መፈተንም ይቻላል፤ አሸዋ ግማሽ፣ ውሃ እስከ አፉ፣ ትንሽ ጨው፣ አናውጡና ለሦስት ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ከላይ የሚቀመጠው ደለል ከአሸዋው አንድ አሥረኛ ካለፈ መልሱት። ሲሚንቶው ደግሞ እጅ ሲገባበት የሚቀዘቅዝ፣ ጓል የሌለው ይሁን። ሦስት ወር የተቀመጠ አትግዙ።

ድብልቁ በባሬላ ወይም በሣጥን ይለካ፤ በአካፋ ግምት አይሁን። መሬት ላይም አይቦካ፤ ላስቲክ ወይም ሊሾ ላይ ይሁን። ውሃ የገባበት ድብልቅ በአንድ ሰዓት ገደማ ማለቅ አለበት። ምሳ በልቶ ተመልሶ የጠነከረውን ውሃ እየጨመረ የሚያላላ ሠራተኛ ካያችሁ ድብልቁ ይደፋ። ያናድዳል፤ ግን ይደፋ።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ይጠረግ፣ ውሃ ይረጭበት፤ ውሃው እንዲንጠባጠብ ሳይሆን እንዲርስ ብቻ። ሲባጎ ተወጥሮ፣ በቱንቢና በውሃ ልክ ታይቶ የውፍረት ምልክት ይቀመጥ። የመጀመሪያው እጅ ሻካራ ሆኖ ይመታና ይጠንክር፤ በላዩ ሁለተኛው ይውጣ፤ መጨረሻ በፍራታሶ (በማለስለሻው ጣውላ) ይለስልስ። በአንዴ ከሁለት ሳንቲሜትር ተኩል በላይ የሚደርብ ሰው ክብደቱ ያወርድበታል። የውጭ ልስን ደግሞ እስከ አፈሩ አይውረድ፤ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም፣ አለዚያ የመሬቱን ውሃ እንደ ክር ወደ ላይ ይስበዋል።

ውሃ ማጠጣቱን ማን እንደሚሠራ ወረቀቱ ላይ አለ ብዬ ነው የማስበው፤ ከሌለ አሁኑኑ ጻፉት። ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ኮምቦልቻ ከሆነ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይረጭ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ሳይሞላ ሥራ አትጀምሩ።

ሲጨርስ ማታ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ከግድግዳው ጎን አስጠግታችሁ አብሩት፤ ቀን የማይታየው ጉብታና ጎድጓዳ በሙሉ ጥላ ያወጣል። የሁለት ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም አስደግፉበትና በሥሩ ያለውን ክፍተት እዩ፤ ሦስት አራት ሚሊሜትር ከሆነ ደህና ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና በመዶሻ እጀታ አንኳኩት። ባዶ የሚጮህ ከሌለ የያዛችሁትን አሥር በመቶ ክፈሉት። ቀለም ቀቢው ግን አራት ሳምንት ይታገስ፤ እስከዚያ ውስጡ ገና እርጥብ ነው።